የኦይሪክ ጣውንት

ቶርሞድ ማክስዊን ኦይሪክን ያገባት የአውስትራሊያዋ ጂሎንግ ከተማ ገና ጭቃና ድንኳን በነበረች ጊዜ፣ ጣሪያው ሸራ በሆነ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የሙሽራው ኮት የውሰት ነበር፤ የሙሽሪት ጫማም የውሰት። ባሕር ተሻግረው ከስካይና ከሃሪስ ደሴቶች የመጡት የአገር ልጆች ተሰብስበው በጌሊክ ቋንቋቸው ዳዊት ደገሙላቸው፤ ሽማግሌው ስንኙን ያወጣል፣ ሕዝቡ እንደ ማዕበል እየተጎተተ ይቀበለዋል። ከዚያ በግ ተበላ፣ ውስኪ ተጠጣ፣ ሰክሮ የወደቀው ቫዮሊን መቺ ተነሥቶ እንደገና ወደቀ፤ ሠርጉም በዚሁ አለቀ።

ኦይሪክ የሃሪስ ልጅ ናት። ወደ አውስትራሊያ የተሻገረችው ከወንድሟ ጋር ነበር፤ ወንድሟ ግን ከመርከብ እንደ ወረደ ወደ ሲድኒ ሄዶ ወሬው ጠፋ። እሷም የአንድ ሱፍ ነጋዴ ቤት ገብታ የሰው አንሶላ ስታጥብ ከረመች። ቶርሞድ ደግሞ የስካይ ሰው ነው። ሚስቱ እዚያው መርከብ ላይ ንዳድ ይዟት ሞታ፣ ሬሳዋ ባሕር ውስጥ ተጥሏል፤ ኡና የምትባል ትንሽ ሴት ልጅ ትታለት ነው የሄደችው። ሁለቱን ያገናኟቸው ቄሱ ናቸው።

«ታታሪ ነው» አሏት ስለ ቶርሞድ። «አይጠጣም። በጎች አሉት። ወሬም አያበዛም።»

«ወሬ አለማብዛቱ ደግ ነው ወይስ ክፉ?»

«እሱን በበሬ ጋሪ ወደ ቤቱ ሲወስድሽ ትደርሽበታለሽ። መንገዱ ረጅም ነው» ብለው ሳቁ።

እውነትም በመንገዱ ብዙ አልተናገረም። ግን ሲመሽ ብርድ ልብሱን ለእሷና ለልጁ ሰጥቶ እሱ ከጋሪው ሥር በባዶ መሬት ተኛ፤ ጠዋት ሻይ አፍልቶ የቆርቆሮ ኩባያውን መጀመሪያ ለእሷ አቀበላት። ኦይሪክ ዕድሜዋን ሁሉ ለሰው ስታቀብል የኖረች ሴት ናት። ልቧ እዚያው፣ ከኩባያው ጋር ሄደ። ኋላ የመጣው መዘዝ ሁሉ የመጣው ባሏን ስለ ወደደችው ነው፤ ባትወደው ኖሮ በሞተች ሴት ባልቀናች።

ወደ እርሻው ሲቃረቡ ቶርሞድ አፋፉ ላይ በሬዎቹን አቆመና ከታች በባሕር ዛፎች መካከል የሚጥመለመለውን ውኃ በእጁ አሳያት።

«ያውልሽ» አለ። «የማርሳሊ ጅረት።»

«ማርሳሊ ማናት?»

በሬዎቹን ነካ ነካ አደረጋቸውና «የኡና እናት» አለ።

ያን ቀን ኦይሪክን አልከፋትም። ሚስቱን ቀብሮ ከረሳ ወንድ ስሟን ለውኃ የሰጠ ይሻላል፣ አለች በልቧ። ግን ውኃ በየቀኑ ይቀዳል። ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትወጣ የበጉ ጠባቂ «ወዴት ነሽ?» ካላት «ወደ ማርሳሊ» ማለት አለባት። በጎች የጠፉ እንደሆነ «ማርሳሊን ተሻግረው» ነው የሚገኙት። ጎረቤት ሲመጣ «ማርሳሊ ዘንድሮ ሞልታለች»፣ በጋ ሲገባ «ማርሳሊ ደረቀች»። ጣውንቷ አልሞተችም፤ ትሞላለች፣ ትጎድላለች፣ ድምፅዋ ሌት ተቀን ከደጃፍ ይሰማል።

ከውኃው ይልቅ ያንገበገባት ግን መዘውሩ ነበር። ማርሳሊ ከስካይ ይዛው የተሳፈረችው፣ በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር የሱፍ መፍተያ መዘውር ነው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ ቶርሞድ እንጨቱን በበግ ጮማ እያሸ ያወዛዋል፤ ማንም ግን አይቀመጥበትም። ኦይሪክ ለቤቱ ሰው ሁሉ ካልሲና ሹራብ የሚሆነውን ክር መዘውሩ ጎን ቆማ በእንዝርት ታሾር ነበር።

አንድ ቀን ቶርሞድ ለሸለታ ወደ ሌላ እርሻ ሄደ። ኦይሪክ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ መዘውሩ ላይ ተቀምጣ ረገጠችው። እንዴት ያለ ነገር ነው! ላባ ነው እንጂ እንጨት አይመስልም። ደስ ብሏት አንድ ድውር ሙሉ ፈተለች። ቀና ስትል ኡና በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«የእናቴ ነው» አለች ልጅቷ።

«አውቃለሁ የእናትሽ መሆኑን። ለአንቺው ካልሲ እኮ ነው የምፈትለው።»

«የእናቴ ነው አልኩሽ፣ ኦይሪክ።»

ኡና እንጀራ እናቷን በስሟ ነው የምትጠራት። ሌላ ስም አውጥታላትም አታውቅ።

አባቷ ሲመለስ ነገረችው። ቶርሞድ አልተቆጣም። የአጃ ገንፎውን እስከ መጨረሻው በላ፣ ማንኪያውን ጠረገ፣ ከዚያ ተነሥቶ መዘውሩን ተሸከመና በመሰላሉ ወጥቶ ቆጥ ላይ አስቀመጠው።

«ምነው፣ አንድ ቃል እንኳ ብትናገረኝ!» አለች ኦይሪክ ከታች ሆና። «ስደበኝ! ጩህብኝ!»

«የሚባል ነገር የለም» አላት ከመሰላሉ እየወረደ።

ቢመታት ይሻላት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ጣውንቷ ከራሷ በላይ፣ ጣሪያ ሥር ተቀመጠች።

በዚያ ሰሞን ከጅረቱ ማዶ የአገሩ ባለቤቶች፣ ጥቁሮቹ ሰዎች፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ይመጡ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ሳቂታ ሴትዮ ከኦይሪክ ጋር በምልክት ትግባባለች፤ ኦይሪክ ዱቄት ትሰጣታለች፣ እሷ እንደ እባብ የረዘመውን ዓሣ ትሰጣታለች። አንድ ቀን ኦይሪክ በጣቷ ወደ ውኃው ጠቁማ «ማርሳሊ» አለቻት። ሴትዮዋ ፊቷን አጨማደደች፣ ራሷን ነቀነቀችና የውኃውን ስም ነገረቻት። ስም አለው ለካ! ማንም ሰው ከባሕር ማዶ ሳይመጣ በፊት ስም ነበረው። ኦይሪክ ደስታዋ ወሰን አጣ። ምላሷ እስኪለምደው ደጋግማ አጠናችውና ከዚያ በኋላ ባሏ ፊት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ በዚያ ስም ትጠራው ጀመር። ሰዎቹን አክብራ አይደለም፤ ለቅናቷ ብላ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የትልልቆቹ እርሻ ጌቶች ለበጎቻቸው ሣር ሲሉ እነዚያን ሰዎች ከአካባቢው አባረሯቸው። ሳቂታዋም ሴትዮ አልተመለሰችም። ቶርሞድንም ከስካይ ያባረረው የመሬቱ ጌታ ለበጎቹ ሣር ብሎ ነበር፤ እዚህ ግን በግ የያዘው እሱ ሆነና ምንም አላለም። ስሙንም ከኦይሪክ በቀር የያዘው አልነበረም።

ኦይሪክ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች፤ ሦስተኛዋ ሴት ሆነች። በአገራቸው ልማድ ሁለተኛይቱ ሚስት የምትወልዳት የመጀመሪያ ሴት ልጅ የሟቿን ስም ትወርሳለች። ኦይሪክ ይህን ታውቃለች። አስቀድማ ቶርሞድን ለምናው፣ በእናቷ ስም ፔጊ ትባል ብላ እሺ አሰኝታው ነበር፤ ወይም እሺ ያላት መስሏታል፤ ዝም ያለን ሰው እሺ ይበል እምቢ ይበል ማን ያውቃል?

ቄሱ በፈረስ መጥተው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የአካባቢውን ሕፃናት ሰብስበው አጠመቁ። ልጅን አቅፎ ለቄስ የሚያቀርብ አባት ነው። ኦይሪክ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች።

«ስሟን ማን አላችኋት?» አሉ ቄሱ።

«ማርሳሊ» አለ ቶርሞድ።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ቆሽቷ አረረ። ግን በቄስ ፊት፣ ውኃው ከልጅቷ ግንባር እየወረደ፣ ምን ትበል? ሻርፗን ወደ ዓይኗ ሳበች።

ያን ስም ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ በልጇ ላይ አልጠራችውም። «እምዬ» ትላታለች፣ «የኔ ወፍ» ትላታለች፣ ስትናደድባት «አንቺ!» ትላታለች። ልጅቷ አፍ የፈታች ጊዜ እንግዶች ስምሽ ማነው ሲሏት «ወፍ» ብላ ትመልስ ነበር። ቶርሞድ ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

እንዲህ እያለ ሳለ የሟቿ የማርሳሊ ታናሽ እህት ቤሃግ በስደተኞች መርከብ መጣች የሚል ወሬ ደረሰ። ቶርሞድ ሊያመጣት ጂሎንግ ወረደ። ኦይሪክ እስኪመለሱ ድረስ ቤቱን አጥባ፣ ግድግዳውን በኖራ ለቅልቃ፣ የራሷን ፊት በባልዲ ውኃ ደጋግማ እያየች ጠበቀች። እስከዚያ ቀን ድረስ የጣውንቷን መልክ አታውቅም። በሐሳቧ መቼም የማታረጅ ቆንጆ አድርጋ ሥላታለች።

ከጋሪው የወረደችው ግን ረጅም፣ አጥንታም፣ ቀይ ፀጉሯ ሽበት የጀመረው፣ የፊት ጥርሷ የጎደለ ሴት ናት። ከመውረዷ ሳቀች፤ ሳቋ ዶሮዎቹን በተነ።

«በእግዚአብሔር ስም፣ ይኼን ሁሉ ባሕር ያቋረጥኩት ዝንብ ለመብላት ነው?» አለች ፊቷን እያራገበች።

ኡና በዚያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የተቃረበች፣ አፈ ቁጥብ ልጅ ሆናለች። የአክስቷን ፊት አየችና በሩ ላይ እንደ ተተከለች ቀረች።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምትመስለው?»

«እሷስ ጥርስ ነበራት» አለች ቤሃግ፤ ያን ጊዜ ኡና ሮጣ ተጠመጠመችባት። ኦይሪክ እጇ ላይ የያዘችው ፎጣ መሬት ወደቀ። ያቺን ፀጉር ስታበጥር፣ ያን ጉልበት በቅባት ስታሽ፣ ሲያማት አብራ ስታድር የኖረችው እሷ ናት። አንድም ቀን እንዲህ አድርጋ አልተጠመጠመችባትም።

ጨርሶ እንቅልፍ የነሣት ግን የቶርሞድ ነገር ነው። ቤሃግ ከገባች እሱ ይወጣል። ገበታ ከቀረበች ሳህኑን ይዞ ወደ በጎቹ በረት ይሄዳል። ካናገረችው ጆሮው ይቀላል፣ መሬት መሬት ያያል። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ፤ የኦይሪክ ዓይን ሌላ አላየም። ይወዳታል። የሟቿ ፊት በሕይወት መጣለት፤ ዓይኑን መጣል ፈራ።

ቤሃግን መዳር አለብኝ ብላ ቆረጠች። ሩዋሪ የሚባል በሬ ነጂ ጎረቤት አላቸው፤ አንድ ዓይኑን በሬ የወጋው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። በየሰበቡ ትጠራው፣ ቤሃግ አጠገብ ታስቀምጠው ጀመር።

«ደግ ሰው ነው ሩዋሪ» ትላታለች።

«አንድ ዓይን ነው ያለው እኮ!»

«ለትዳር አንዱ ይበቃል። ሁለት ዓይን ያለው ሌላም ያያል።»

ቤሃግ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ኦይሪክ አልሳቀችም።

ነገሩ የፈነዳው ሁለቱ ጅረቱ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ነው። ቤሃግ የጨመቀችውን ሸሚዝ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ከቤትሽ ለማስወጣት ምን እንዲህ ያጣድፍሻል? ጠግቤ አልበላሁብሽ፣ አልሰደብኩሽ።»

«መውጣት ለምን? ግቢ እንጂ!» አለች ኦይሪክ፤ የያዘችው ልብስ ከእጇ አምልጦ ውኃው ወሰደው። «ቤቱም ያንቺ፣ ውኃውም ያንቺ፣ ልጆቹም ያንቺ! ባሌንም ውሰጂው! መቼ ከእህትሽ ወጥቶ ያውቅና! እኔ ለምድጃው ነው የመጣሁት፣ ገረድ ነኝ። ውኃ ቢጠራ ማርሳሊ፣ ልጅ ብወልድለት ማርሳሊ! እንዲህ የተወደደች ሴት ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው?»

ቤሃግ አፏን ከፍታ አየቻት።

«የተወደደች?» አለች በመጨረሻ። «ያ ሰው ምንም አልነገረሽም ማለት ነው?»

«እሱ ምን ይነግራል!»

ቤሃግ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እህቴ ከስካይ መውጣት አልፈለገችም፣ ኦይሪክ። ድንቹ በስብሶ፣ የመሬቱ ጌታ ሰዎች ጣሪያውን ሊያፈርሱ ደጅ ቆመው እንኳ እምቢ አለች። እናታችን አሮጊት ነበረች። የበሩን መቃን ይዛ ተቀመጠች። እሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእንጨቱ አላቀቀና ትከሻው ላይ ጭኖ ጀልባው ውስጥ ከተታት። ወደቡ ላይ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ኡና እየጮኸች ልብሱን ይዛ ትከተላለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላናገረችውም። በባሕር ላይ፣ ሲነጋ ሲመሽ፣ ንዳዱ ይዟትም፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። አፏን እንደ ዘጋች ሞተች። ይኼን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ከመርከብ ስወርድ እንደምን መጣሽ እንኳ ሳይለኝ፣ ‹አላናገረችኝም፣ ቤሃግ፤ እስከ መጨረሻው አላናገረችኝም› ነው ያለኝ። ሲያየኝ የሚሸሸው የፍቅር መስሎሽ ነው?»

ኦይሪክ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ክፉ ደስታ ነው፣ ግን ደስ አላት። አልተዋደዱም! ስንት ዓመት በባዶ ቤት ስትቀና ኖራለች! ትንሽ ቆይቶ ግን ደስታዋ ኮመጠጠ። እሷ በገዛ እግሯ ነው ጋሪው ላይ የወጣችው። ማንም ጣቷን ከመቃን አላላቀቀም። ባሏ ቀንም ሌትም የሚጠራት ሴት የበደላት ሴት ናት፤ ኦይሪክን ግን እንኳን ሊወድ አልበደላትም። በደሉም ለማርሳሊ ሆነ!

ሙት ወቃሽ አትሁን ይላሉ ሽማግሎች። ኦይሪክ ሙቷን ሳይሆን ሕያዉን ወቀሰች፤ ያውም በክፉ ሰዓት። በዚያው ሳምንት ገበታ ላይ ቶርሞድ «ማርሳሊ ከፍ ብላለች፤ በጎቹን ማሻገር አይቻልም» ሲል ምላሷ አመለጣት።

«ጥራት፣ ጥራት! ዕድሜ ልክህን ብትጠራት አትመልስልህም! ጎትተህ መርከብ ላይ የጫንካት ሴት ምን ትልሃለች?»

ቤሃግ ማንኪያዋን ጣለች። ቶርሞድ ፊቱ አመድ መሰለ። ኡና ግን አባቷን አየችው፤ አተኩራ አየችው።

«እውነት ነው?» አለችው።

«እውነት ነው» አለ ቶርሞድ።

ኡና ከዚያ በኋላ አባቷን ማናገር ተወች። ውኃ ሲጠይቃት ታቀርባለች፣ ስትጠራ ትመጣለች፣ አፏ ግን ተዘጋ። ቶርሞድ በየዕለቱ ይለማመጣታል፤ ከገበያ የፀጉር ሪባን አመጣላት፤ ሪባኑ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ አቧራ ጠጣ። ሰውዬው ከሳ። ኦይሪክ ያቺን የተገጠመች አፍ ባየች ቁጥር ዓይኗን ታዞራለች፤ የሞተችውን ሴት አስነሥታ ገበታ ያስቀመጠቻት በገዛ ምላሷ ነው። ቶርሞድን ልትክስ አስባ ኡናን «አባትሽ ያን ጊዜ ባያወጣሽ በረሃብ ታልቂ ነበር፤ አክስትሽን ጠይቂ፣ የቀሩት ልጆች የት ደረሱ?» አለቻት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ ኦይሪክ?» አለች ኡና።

እንዲህ እንዳሉ የካቲት ገባ፤ ዛሬም ድረስ ጥቁር ሐሙስ የሚባለው ያ ቀን መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የእቶን አፍ ነበር። ወፎች ከዛፍ እየረገፉ ወደቁ። በቀትር ፀሐይ እንደ ደም ቀላችና ጠፋች፤ ከኮረብታው ጀርባ የሚያገሣ ድምፅ መጣ። ቶርሞድ ጭሱን አይቶ ብርድ ልብሶቹን በውኃ ነከረና ሰዉን ሁሉ ወደ ጅረቱ ሰደደ። ቤሃግ ወንዶቹን ልጆች በእጇ፣ ትንሿን በጀርባዋ አድርጋ ሮጠች። ኡና ከኋላ ነበረች። መንገድ ላይ ዞራ ወደ ቤት ተመለሰች።

ኦይሪክ ተከትላት በሩ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ቆጡ ላይ ወጥታ የእናቷን መዘውር በመሰላሉ ልታወርድ ትታገላለች። መዘውሩ ምሰሶው ላይ ተቀርቅሯል። ጣሪያው የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ጫፉ መጨስ ጀምሯል። ቶርሞድ መሰላሉ ሥር ቆሟል።

«ኡና፣ ውረጂ! ልጄ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ውረጂ!»

ኡና አትመልስም፤ መዘውሩን ትጎትታለች።

«ውጣና አውርዳት!» ጮኸች ኦይሪክ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ቶርሞድ እጁን ዘረጋ፤ እጁ መልሶ ወደቀ። ያ በሬ ቀንዱን ይዞ የሚጥል ሰው እንደ ሕፃን «ልጄ በራስሽ ውረጂ፣ በራስሽ እግር ውረጂ» እያለ ይለምናል። ኦይሪክ ገፍታው ወጣች። ልጅቷን ከወገቧ ያዘቻት፤ ኡና የመዘውሩን እግር ጨብጣ አልለቅም አለች። ኦይሪክ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ኡና ክንዷን ነከሰቻት። ኦይሪክ እንደ ዱቄት ከረጢት ትከሻዋ ላይ ጣለቻትና ከመሰላሉ ወርዳ፣ ልጅቷ እየነከሰቻትና እየደበደበቻት ቁልቁለቱን ሮጠች። ቶርሞድ ከኋላ እርጥብ ብርድ ልብስ እያለበሳቸው ተከተለ። ውኃው ውስጥ ሲወድቁ ኮረብታው ሁሉ እሳት ሆኖ ነበር፤ የቤቱ ጣሪያ ወደ ሰማይ ሲነሣ አዩት።

እሳቱ ካለፈ በኋላ ጭቃው ውስጥ ሁሉም እንደ ከሰል ጠቁረው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ኡና ተነሣች፤ በጣቷ ኦይሪክን ጠቆመች።

«ሆን ብላ ነው! መዘውሩን ከእኔ ጋር ማውረድ ትችል ነበር! ሆን ብላ ነው እንዲቃጠል የተወችው! አባባ፣ ንገራት! አባባ!»

ቶርሞድ «አባባ» የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ፈራረሰ። ልጁን ደረቱ ላይ ለጠፋት፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ኦይሪክ የተነከሰውንና የተቃጠለውን ክንዷን ውኃ ውስጥ ነክራ ተመለከተቻቸው። እኔን አምተው ታረቁ፣ አለች በልቧ፤ በዚያ አመድ መካከል፣ ሁሉም በሕይወት ተርፈው ሳለ፣ በዕርቃቸውም ቀናች።

የተረፉትን ምሰሶዎች እየለቀሙ አዲሱን ቤት ሲሠሩ ቶርሞድ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥረቢያውን አስቀመጠና አጠገቧ ተቀመጠ።

«መሰላሉ ሥር እጄ እምቢ አለኝ» አለ።

«አይቼሃለሁ።»

«አንቺ አነሣሻት።»

«ነክሳኛለች» አለች ኦይሪክ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ጠባሳውን አሳየችው።

ቶርሞድ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ የራሱን ሸሚዝ ከትከሻው ገለጠ። ኦይሪክ ያን ምልክት ስንቴ አይታዋለች፤ የውሻ ነው ብሏት ነበር።

«ማርሳሊም ነክሳኛለች» አላት።

ከዚያ አወራ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያላወራውን ሁሉ አወራ፤ ስለ በሩ መቃን፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ዝምታዋ፣ በሸራ ተሰፍታ ወደ ባሕር ስትወርድ ስለ ሰማው ድምፅ። ኦይሪክ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ግን የምትታገሥ ሴት አልነበረችምና፣ «መዘውሩን ሆን ብለሽ ነው ወይ የተውሽው ብለህ አትጠይቀኝም?» አለችው።

«አልጠይቅሽም።»

«ለምን?»

«ብታውቂው ኖሮ እስከ ዛሬ ትነግሪኝ ነበር።»

እሷም እውነቱን አታውቀውም ነበር። እስከ መጨረሻውም አላወቀችው።

ቤሃግ ሩዋሪን አገባች፤ ግን ኦይሪክ ስለ ገፋፋች ሳይሆን፣ እሱ በእሳቱ ጊዜ በሬዎቹን ሳይሆን ድመቱን ይዞ መሸሹን ሰምታ ስትስቅ ነው የወደደችው። ኡና አግብታ ወደ ባላራት ሄደች፤ ለብዙ ዘመን ስትመጣ አባቷን ትስማለች፣ ለኦይሪክ እጇን ብቻ ትዘረጋለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ የጠናባት ጊዜ ግን ባሏን «ኦይሪክን አምጣልኝ» ብላ ላከችው። ቤሃግን አላለችም። ኦይሪክ ይህን ወሬ ለሰማውም ላልሰማውም ደጋግማ አወራች።

ቶርሞድ በእርጅና፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ልጆቹ ኮረብታው ላይ ቀበሩትና ሐውልት ሊያቆሙለት ሲመክሩ፣ ታላቁ ልጅ እየፈራ ወደ እናቱ መጣ።

«እማዬ፣ ኡና አንድ ነገር ለመነችን። እናቷ መቃብር የላትም። ስሟ የአባባ ድንጋይ ላይ ይጻፍላት አለች።»

ኦይሪክ ሻርፗን አስተካከለች።

«ይጻፍ» አለች። «ከኔ በታች ግን።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ አልሞትሽም!»

«ቦታ ይተዉልኛ!»

ድንጋይ ጠራቢው ከላይ የቶርሞድን፣ ከታች የማርሳሊን ስም ቀርጾ መካከሉን ባዶ ተወው። ቤሃግ አይታ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ መቃብር ውስጥም ልትቀኚ ነው?» አለቻት። «ቦታ የሚያዘው በቁም ነው እንጂ» መለሰች ኦይሪክ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ሰንበት ሰንበት ዳዊት ከተደገመ በኋላ በዱላዋ እየተደገፈች ኮረብታውን ትወጣና ድንጋዩ ላይ የተተወላትን ቦታ በመዳፏ ትዳስሰዋለች፤ ሌላ ሰው ያልተጻፈበት መሆኑን አይታ፣ ረክታ ትወርዳለች።